«ከውጤትሽ ሌላ ምን አለሽ?» የአንድ የመግቢያ ጥያቄ ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንድ ነገር ጻፊልን፣ ግን ስለ በሽታ አይሁን» ሲሉኝ ርዕስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርኩም። ላለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ከባቻችን ልጆች የሚደወልልኝ ስልክ አንድ ዓይነት ሆኗል። ድሮ የምንደዋወለው ስለ ስፔሻላይዜሽን፣ ስለ ምደባ፣ ማን አገባ ማን ወለደ ለመባባል ነበር። ያኔ የተወለዱት ልጆች አሁን አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰዋል። ሜሪላንድ ያለውም፣ ሲያትል ያለችውም፣ እዚሁ ሲኤምሲ የሚኖረውም የሚሉኝ ያው ነው፦ «ልጄ ውጤቷ አንደኛ ነው፤ ግን አክቲቪቲ የላትም። እነዚያ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሏታል ወይ?» የታላቅ እህቴ ልጅ አሜሪካ ስታመለክት ፎርሙን አብሬያት ስለሞላሁ፣ በጓደኞቻችን ዘንድ እንደ ባለሙያ ተቆጥሬ ቀርቻለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ለኛ ትውልድ እንግዳ ነው። እኛ ማትሪክ የተፈተንነው በ1990 ዓ.ም. ነው። በአምስት ትምህርት ኤ ያመጣ አራት ነጥብ ነው፤ አለቀ። ክፍላችን ውስጥ «ሰቃይ» የምንለው ልጅ ኳስ ይጫወት አይጫወት፣ ጊታር ይምታ አይምታ ማንም ደንታ አልነበረውም። እንዲያውም ሚኒ ሚዲያው ላይ ግጥም የምታነበውና በፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ የምትሠራው ልጅ «ይቺንስ ማትሪክ ሊበላት ነው» እየተባለች ትታማ ነበር። ክበብ የሚገባው ጊዜ የተረፈው ነው ተብሎ ይታሰባል። የመልስ ወረቀታችንን ያነበበው ማሽን ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው የመለያ ቁጥራችንን ብቻ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንን፣ እናታችን ጉሊት ትቸርችር ወይም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ትሥራ አልጠየቀንም።

ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ መምህሮቻችን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ኮተቤ የነበረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤትና ጄኔራል ዊንጌት ተማሪዎቻቸውን ለእንግሊዞቹ የለንደን ፈተና ያዘጋጁ ነበር። «ማትሪክ» የሚለው ቃል አፋችን ላይ የቀረው ከዚያ ዘመን ነው። በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲዬን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት አገሪቱ የራሷን የማጠናቀቂያ ፈተና ወደ ማዘጋጀት ገባች። በር ላይ የቆመው ፈተና እንጂ ሰው አልነበረም። ሰው በር ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ አሜሪካ መሄድ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም የተወለደው እዚያ ነውና።

አሜሪካኖቹም ሲጀምሩ እንደኛው ነበሩ። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናን አንድ ወጥ ለማድረግ ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት የተቋቋመው በ1900 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያውን ፈተና በዓመቱ ሰጠ። ሃርቫርድን፣ ዬልን፣ ፕሪንስተንን የመሳሰሉት ኮሌጆች ፈተናውን ያለፈን በመሠረቱ ይቀበላሉ። የቀረውን እንኳ «አንድ ሁለት ትምህርት ይቀርሃል፣ እዚህ ሆነህ ታሟላለህ» ብለው ያስገቡት ነበር። ያለ ገደብ የሚቀበሉት ለጋስ ስለሆኑ አይደለም። የሚያመለክተው በአብዛኛው ከታወቁ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚመጣ የባለጸጋ ልጅ ስለሆነ፣ ማን እንደሚመጣ አስቀድመው ያውቁታል።

ከዚያ ያላሰቡት ሰው ፈተናውን ማለፍ ጀመረ። ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው ኒውዮርክና ቦስተን የሰፈሩት የአይሁድ ቤተሰቦች ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት እየወጡ በውጤት ብቻ ገቡ። ሃርቫርድ ውስጥ በ1900 እ.ኤ.አ. የአይሁድ ተማሪዎች ድርሻ 7 በመቶ ያህል ነበር፤ በ1922 ወደ 21.5 በመቶ ደረሰ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አቦት ሎረንስ ሎውል ይህ አላስደሰተውም። ሰውዬው የስደተኞችን ቁጥር ለመገደብ የሚታገል ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፤ ጥቁር ተማሪዎችንም ከአንደኛ ዓመት ዶርም ያስወጣ እሱ ነው። በ1922 የአይሁድ ቁጥር ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ይጣል አለ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ጩኸት ሆነ፣ ጉዳዩን እንዲያጠና የተሰየመው የመምህራን ኮሚቴ በቀጣዩ ዓመት ግልጽ ኮታ አይሆንም ብሎ መለሰው።

በፊት ለፊት ያልተቻለው በጓሮ በር ገባ። ከ1922 ጀምሮ የማመልከቻ ፎርሙ አዳዲስ ጥያቄዎችን ያዘ፦ ዘርህና ቀለምህ ምንድን ነው፣ ሃይማኖትህስ፣ የእናትህ የቤተሰብ ስም ከጋብቻ በፊት ማን ነበር፣ አባትህ የት ተወለደ፣ ከተወለድክ ወዲህ የአንተ ወይም የአባትህ ስም ተቀይሮ ከሆነ አብራራ። የመጨረሻዋን ሳነብ ስቄአለሁ። አሜሪካ ገብተን የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ የተለጠፈብን ስንቶቻችን ነን፤ ሎውል ዘንድ ብናመለክት ኖሮ ለማብራሪያ ሁለት ገጽ አይበቃንም ነበር። በ1926 ደግሞ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቁጥር በ1,000 እንዲወሰን፣ «ባሕርይ» ለሚባለው ነገር ከፍ ያለ ቦታ እንዲሰጥ፣ አመልካቹም ፎቶግራፍ እንዲያያይዝ ተደረገ። በዚያው ሰሞን ከሩብ በላይ ደርሶ የነበረው የአይሁድ ድርሻ ወደ 15 በመቶ ገደማ ወረደ። ሎውል የፈለገው ቁጥር ኮታ ሳይባል ተገኘ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከኮሌጆቹ መዝገብ ቆፍሮ ያወጣው የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ጀሮም ካራቤል ነው፤ መጽሐፉ በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ አይሁዶቹ ላይ የቀረበው ክስ ነው። «ጎበዞች ናቸው፣ ግን ከመጽሐፍ ቀና አይሉም፣ ስፖርት አይወዱም፣ ከሰው ጋር አይቀላቀሉም» ይባል ነበር። በዶርም ቋንቋችን ቸካይ ማለታቸው ነው። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ የካምፓስ ክለቦቹ ብዙዎቹ አይሁድን በአባልነት አይቀበሉም። ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ በባቡርና በአውቶቡስ ከቤታቸው እየተመላለሱ የሚማሩና ማታ ሥራ ያለባቸው ነበሩ። በሩን ዘግተህ «ለምን አልገባህም» ብሎ መውቀስ እንደማለት ነው። ሙያችንም ከዚህ ነጻ አልነበረም። የአሜሪካ ሜዲካል ትምህርት ቤቶች በኮታና በኢንተርቪው ያጣሩ ስለነበር፣ በ1930ዎቹ ብዙ አይሁድ አሜሪካውያን ስኮትላንድ ድረስ ተሻግረው ነው ሐኪም የሆኑት።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ፍርዱ ቀላል ነበር። ግን አላቆመም፤ መሣሪያው ሳይለወጥ ዓላማው ተለወጠ። ሎውልን የተካው ጀምስ ኮናንት በ1930ዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ ጎበዝ የድሃ ልጆችን ለማግኘት ኤስ.ኤ.ቲ ፈተናን ለስኮላርሺፕ ተጠቀመበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአይሁድ ኮታው ቀስ በቀስ ፈረሰ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ደግሞ ያው «ሰውየውን በሙሉ እንየው» የሚለው አሠራር፣ ለዘመናት ተገፍተው የኖሩ ጥቁር ተማሪዎችን ለማስገባት ዋለ።

እዚህ ላይ የሕግ ታሪኩ በቀጥታ ወደኛ ሰፈር ይመጣል። ጉዳዩ የሜዲካል ስኩል ጉዳይ ነበርና። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ቦታዎች 16ቱን ለአናሳ ወገኖች ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። አለን ባኬ የሚባል ነጭ መሐንዲስ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰና ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 እ.ኤ.አ. ኮታው ሕገ ወጥ ነው፣ ባኬም ይግባ ብሎ ወሰነ። ነገር ግን ዳኛ ሉዊስ ፓወል ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ ማየት ይቻላል አለ፤ ለዚህም ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው የሃርቫርድን አሠራር ነበር። ባኬ ተምሮ የማደንዘዣ ሐኪም ሆነ። ሃርቫርድ ደግሞ አይሁድን ለመቀነስ የተፈለሰፈ የምርጫ ዘዴ ይዞ የአገሪቱ አርአያ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ክርክር ነው። በ2014 የተከፈተው ክስ በ2018 ቦስተን ላይ ሲሰማ፣ የሃርቫርድ ቢሮ አመልካቾችን በትምህርት፣ ከክፍል ውጭ በሚሠሩት፣ በስፖርትና «በግል ባሕርይ» ለየብቻ ነጥብ እንደሚሰጥ በአደባባይ ታየ። በትምህርትም ሆነ በአክቲቪቲ ጠንካራ የሆኑት የእስያ ልጆች በግል ባሕርይ ነጥብ በአማካይ ዝቅ ብለው ተገኙ። የመጀመሪያዋ ዳኛ ሆን ተብሎ የተደረገ መድልዎ አላገኘሁም ብላ ለዩኒቨርሲቲው ፈረደች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ዘርን በመግቢያ መስፈርትነት መጠቀምን ከለከለ። አክቲቪቲውና «ባሕርዩ» እንዳሉ ቀጥለዋል።

ለጓደኞቼ በስልክ የምነግራቸው አንድ ቁጥር ከዚሁ ችሎት የወጣ ነው። በአንድ ዓመት ለሃርቫርድ ካመለከቱት የአገር ውስጥ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸው ፍጹም የሆነ ከ8,000 በላይ ነበሩ። ቦታው ወደ 1,600 ነው። ስለዚህ «የልጄ ውጤት አራት ነጥብ ነው» የሚለው ኩራት እውነት ነው፣ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም አራት ነጥብ ነው። አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ምን ይለይ የሚለው ነው የመቶ ዓመቱ ጠብ።

የሰው ፍርድ አድልዎ አለበት ከተባለ ለማሽን እንስጠው የሚልም አይጠፋም። ይህንንም ሙያችን ሞክሮታል። ለንደን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ሜዲካል ስኩል በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጠ። የጻፈው እዚያው ያለ ሐኪም ነው፤ ዓላማውም ሥራ ማቃለልና አድልዎን ማስቀረት ነበር። ፕሮግራሙ የተሠራው የቀድሞ መራጮችን ውሳኔ እንዲከተል ስለሆነ፣ እነሱ ሴትና የውጭ ስም ያለውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር እሱም ተማረና ዝቅ አደረገ። ሁለት የዚያው ቤት ሐኪሞች ጉዳዩን አጋለጡ፣ የብሪታንያ የዘር እኩልነት ኮሚሽን መርምሮ በ1988 ጥፋተኛ አለው። የሚገርመው ትምህርት ቤቱ ነጭ ያልሆኑ ተማሪዎችን ከብዙዎቹ የለንደን እኩዮቹ በተሻለ የሚቀበል ነበር። ሌሎቹ ያው በጭንቅላታቸው ስለሚሠሩ የሚመረመር ወረቀት አልተገኘባቸውም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ነገሩ ለተማሪ ወላጅ ብቻ ሳይሆን አሁን በፋኩልቲው ላሉት መምህራንም የሚደርስ ይመስለኛል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ላብራቶሪ አይቶ የማያውቅ ልጅና ቅዳሜ እሑድ አስጠኚ የሚቀጠርለት ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ተፈተኑ። ማሽኑ የማን ልጅ እንደሆንን አልጠየቀንም ብዬ ከላይ ስጽፍ ይህንን ረስቼ አይደለም፤ አለመጠየቅም የራሱ ዋጋ አለው። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረግ የነበረውም ይህንኑ ለማካካስ ነው። አሜሪካኖቹም የፈተናን ነገር ወደ ኋላ ተመልሰው እያዩት ነው። በኮቪድ ጊዜ ኤስ.ኤ.ቲን ትተው የነበሩት ኤም.አይ.ቲ በ2022፣ ሃርቫርድ በ2024 እ.ኤ.አ. መልሰው አስገዳጅ አድርገውታል፤ ምክንያታቸውም ስሙ ካልታወቀ ትምህርት ቤት የሚወጣን ጎበዝ ልጅ ያለ ፈተና መለየት አስቸገረ የሚል ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ከጀመረ ወዲህ፣ «ለሕክምናማ ኢንተርቪውም ይጨመር፣ የበጎ ፈቃድ ሥራም ይታይ» ሲባል በየሻይ ሰዓቱ እሰማለሁ። ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ዋርድ ራውንድ ላይ ሁሉን መጽሐፍ የሚያውቅ፣ ግን ለታማሚዋ እናት አንድ ቃል መናገር የሚያቅተው ኢንተርን አይተን የማናውቅ ማን ነን? እኔ ግን እፈራለሁ። ኢንተርቪው ላይ የሚያምረው በእንግሊዝኛ ሳይደናቀፍ የሚያወራው ነው፤ እሱ የት ትምህርት ቤት እንደተማረ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። የበጎ ፈቃድ ሰርተፊኬትም በሁለት ሳምንት ውስጥ ማኅተም ተመትቶለት እንደሚገኝ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቀድሞ የነበሩት ይህን ነገር ሌላ ቦታ ነበር ያስቀመጡት። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከገባ በኋላ፣ ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ነበር። የገበሬ ልጅም የባላባት ልጅም እኩል ይሄዳል፤ ማንም «ልምድ ስለሌለህ» ተብሎ በር ላይ አይመለስም። ታላላቆቻችን ያን ዓመት ሲያነሡ ዓይናቸው የሚበራው ያለ ነገር አይደለም።

እስከዚያው ግን ልጆቹ የሚሞሉት የአሜሪካኖቹን ፎርም ነው፤ በታሪኩ ተናድዶ ባዶውን መላክ አይቻልም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲና አምኸርስትን የመሳሰሉት የውጭ አገር ተማሪን ገንዘብ ጠየቀ ብለው አይጥሉም፤ ከተቀበሉትም የሚያስፈልገውን ይሸፍናሉ። ስለዚህ ከዚህ አገር ለሚያመለክት የድሃ ልጅ መሞከሩ ዋጋ አለው። ብዙዎቹ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ ለአክቲቪቲ 10 ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚፈቀደው 150 ፊደል ነው፣ የአንድ ኤስ.ኤም.ኤስ ያህል። ወላጆች የማያስተውሉት ከምርጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ ክፍያ ያለው ሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት የሚሉ ሁለት ዓይነቶች መኖራቸውን ነው። ክርክር ክለብና ቫዮሊን ብቻ አይደለም የሚቆጠረው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ፣ የአንድ ባልደረባዬ የቤት ሠራተኛ ልጅ ናት፣ ፎርሙን ይዛ መጣች። ከክፍሏ አንደኛ ናት። የአክቲቪቲውን ቦታ ባዶውን ትታዋለች። «ምንም አልሠራም እኮ፣ ዶክተር፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ነው» አለችኝ። ቤት ገብታ የምታደርገውን እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ሁለት ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ ታስጠናቸዋለች። እናቷ አዳሪ ስለሆነች በሳምንት ሦስት ቀን እንጀራ የምትጋግረው እሷ ናት፤ ለሁለት ሱቆች ታስረክባለች፣ የዱቤውን ደብተር ትይዛለች። አያቷ ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን የምትወጋቸውና ቀጠሮ ይዛቸው የምትሄደው እሷ ናት። የትምህርት ቤቱን ጠረጴዛ ቴኒስ ቡድን ለመቀላቀል አስባ ልምምዱ ከመጋገሪያው ቀን ጋር ስለተጋጨባት ትታዋለች።

ቁጭ ብለን ጻፍነው። ስንት ሰዓት በሳምንት፣ ስንት ሳምንት በዓመት ብሎ ፎርሙ ስለሚጠይቅ ደምረን ስናየው በሳምንት 26 ሰዓት መጣ፤ ሁለታችንም ተገርመን ካልኩሌተሩን ደገምነው። አስቸጋሪው «ዱቤ» ነበር። ሰፈር ውስጥ በመተማመን የሚሰጥ፣ ደመወዝ ሲወጣ የሚሰበሰብ፣ ያልከፈለን ደግሞ ሳያስቀይሙ የሚጠየቅ ሒሳብ መሆኑን ለማያውቅ ሰው በ150 ፊደል ማስረዳት ቀላል አይደለም። ሦስት ጊዜ ሰረዝን። በመጨረሻ የጻፈችው ራሷ ናት፦ የሁለት ሱቅና የ14 ቤተሰብ የዱቤ ሒሳብ እይዛለሁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተመለሰ ዕዳ አንድ ብቻ ነው።